ያልተወረወረችው ኳስ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ድሬ መጣ። ሙቀቱ አላስወጣ ሲለው ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ፖኬሞን ሲጫወት ይውላል። አንድ ቀን ከሰዓት ከተጋደመበት ብድግ ብሎ «አጎቴ፣ ማስተር ቦሏን ሰጡኝ!» አለኝ። ደስ አለኝ። ያቺን ኳስ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

«አንተ ምን ላይ ወረወርካት?» አለኝ።

«አልወረወርኳትም።»

«ሚውቱን አልያዝከውም እንዴ?»

«ይዤዋለሁ። በሌላ ኳስ።»

«ታዲያ ኳሷ ምን ሠራችልህ?»

መልሴን እንኳን አልጠበቀም። ተመልሶ ተጋደመና ጨዋታውን ቀጠለ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ማታ ልተኛ ስል ይመጣል። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ይመጣል። አንድ ተራ የልጅ ጥያቄ እንዲህ ሲከተለኝ አንድ ነገር እንዳለው ገባኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። በፖኬሞን ዓለም የዱር ፍጡር የሚያዘው በኳስ ነው። ትወረውራለህ፤ ፍጡሩ ይገባል፤ ከዚያ ወይ ይያዛል ወይ ሰብሮ ይወጣል። ማስተር ቦል ግን አትስትም። ማንም ላይ ብትወረውራት ትይዘዋለች። የሮኬት ቡድን የሚባሉት ወንበዴዎች የሲልፍ ኩባንያን ባለ 11 ፎቅ ሕንፃ ይዘውታል፤ እነሱን ካስወጣህ የኩባንያው ፕሬዝዳንት ምስጋናውን በዚህች ኳስ ይገልጻል። የምታገኘው አንድ ብቻ ነው። ሱቅ አትሸጥም። ከወረወርክ በቃ፣ አለቀ። ሚውቱ ደግሞ ከፍጡራኑ ሁሉ ኃይለኛው ነው።

## ድንጋይ ፀሐይ ላይ

ጌም ቦይዋን፣ ያኔ የምጫወትባትን በእጅ የምትያዝ መሣሪያ፣ ያመጣት ጅቡቲ ያደገው የአክስቴ ልጅ ነው። ዘጠናዎቹ አጋማሽ አካባቢ፣ ባቡሩ ገና ሳይቆም። ውስጧ የሚታይ ሐምራዊ ጌም ቦይ ነበረች፤ ከጀርባዋ የፖኬሞን ቀዩ ካሴት ተሰክቷል። እሱ ተጫውቶ ጠግቧት ነበር። ሲመለስ «አንተ ጋ ትቆይ» ብሎ ተዋት። አዲስ ጨዋታ ስጀምር የሱ እንደሚጠፋ ያውቃል። ቅር አላለውም።

ስክሪኗ የራሱ ብርሃን የለውም። ጥላ ውስጥ ከገባህ አይታይህም፤ ፀሐይ ላይ ከወጣህ ደግሞ የድሬን ፀሐይ ታውቃታለህ። ስለዚህ ግቢያችን ካለው ኒም ሥር፣ ጥላው ከሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ጥላው ሲሄድ እኛም ከኋላው እንሳባለን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ዝም ሲል፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ትልልቆቹ ሲተኙ ወይም በርጫቸው ላይ ሲቀመጡ ያ ጠርዝ የኛ ነበር።

የምትሠራው በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ከስክሪኑ ጎን ያለችው ቀይ መብራት ትደበዝዛለች። ያኔ ቶሎ ሴቭ አድርገን ድንጋዮቹን እናወጣና ሲሚንቶው ላይ ፀሐይ እናስመታቸዋለን። ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። አዲስ ድንጋይ የሚገዛው ብር ሲገኝ ነው፤ ብር ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።

ጨዋታውን ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ ልጅ እያለ ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበር። ያደገበት የቶኪዮ ዳርቻ በሕንፃና በአስፋልት ሲሸፈን ነፍሳቱም አብረው ጠፉ። ያንን ደስታ ለሌሎች ልጆች ልመልስ ብሎ ነው የተነሳው። የመጀመሪያው ፖኬሞን ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ይህን ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ቢሆንም ቶሎ ነው የገባኝ። እኛም የደቻቱ ውኃ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ጢንዚዛ እያደንን በክር እናስር ነበር። ትልቁን የያዘ ልጅ የዚያን ቀን አይነካም።

## ለማን ልታስቀምጣት ነው?

ማስተር ቦሏ እጄ ከገባች ጀምሮ የግቢው ልጅ ሁሉ መካሪ ሆነ። ለመያዝ የሚያስቸግሩ ፍጡራን ብዙ ናቸው። ሦስቱ ታላላቅ ወፎች አሉ፤ አርቲኩኖ፣ ዛፕዶስ፣ ሞልትሬስ። የአክስቴ ልጅ የራሱን ኳስ ዛፕዶስ ላይ ነበር የወረወራት። እንዳየው ወረወረ፤ ያዘው፤ አለቀ። መብረቅ የሚጥለውን ወፍ ይዞ መንገዱን ቀጠለ። «አቦ፣ ለማን ልታስቀምጣት ነው?» ይለኛል። ድሬ ላይ ይህን የማይልህ ሰው የለም። ያለውን ዛሬ አውጥቶ የሚበላና የሚያበላ ሕዝብ መሃል ነው ያደግኩት፤ እጁን የሚሰበስብ ሰው አይወደድም።

እኔ ግን ጨዋታው ውስጥ ሲናባር ደሴት ላይ ያለውን የተቃጠለ ቤት አይቼ ነበር። እዚያ የተመራማሪዎች ማስታወሻ እዚህም እዚያም ተጥሏል። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ቃል በቃል ፈትቼ አነበብኩት። ሚው ከሚባል ብርቅዬ ፍጡር ሚውቱ እንደተወለደ ይናገራል። ከዚያ ኃይሉ ከልክ እንዳለፈና ክፋቱን ሊገቱት እንዳልቻሉ። የፈጠሩት ሰዎች ያልቻሉት ነገር ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው ማለት ነው። «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» ይባላል። ያን ማስታወሻ ካነበብኩ በኋላ ኳሷን ወፍ ላይ መወርወር አልሆነልኝም።

ሚውቱ ያለበት ዋሻ ሴሩሊያን ከተማ አጠገብ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አያሳልፍም። የሚለቀው ኤሊት ፎር የሚባሉትን አራት ኃያል ተዋጊዎች አሸንፈህ ሻምፒዮን ስትሆን ነው። እሱንም ያለ ዛፕዶስ፣ በብዙ መከራ ጨረስኩት።

## ፓራሴክት

የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ጎኔ ተቀምጧል። ዋሻው መጨረሻ ላይ ሚውቱ ፊት ቆሜ ሴቭ አደረግኩ። ቀይዋ መብራት መደብዘዝ ጀምራለች።

ሚውቱ ሌቭል 70 ነው። ፍጥነቱ ለማንም ተራ አይሰጥም። ሳይኪክ በሚባለው ጥቃቱ ከመታ ሁለተኛ መምታት አያስፈልገውም። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሪከቨር ነው። ለፍተህ፣ ደክመህ የጤና መስመሩን ግማሽ ታወርድና እሱ በአንድ ተራ ይመልሰዋል። ያሳደግኳቸው ጠንካሮቹ አንድ በአንድ ወደቁ። የሚውቱ መስመር ወርዷል፤ ግን ተመልሶ ሊሞላው ይችላል። የቀረችኝ ፓራሴክት ነበረች።

ፓራሴክት ጀርባዋ ላይ ትልቅ እንጉዳይ ያበቀለች ዝግተኛ ፍጡር ናት። ውበት የላት፣ ኃይል የላት። የያዝኳት ገና በጨዋታው መጀመሪያ፣ ሙን ተራራ ዋሻ ውስጥ፣ ትንሿ ፓራስ ሆና ነው። ልጆቹ «ይቺን ለምን ትሸከማለህ?» ይሉኝ ነበር። እሷ ግን ስፖር አላት። እንጉዳይዋ የሚረጨው ብናኝ ያረፈበትን ያስተኛል፤ እምብዛም አይስትም። ችግሩ ሚውቱ ይቀድማታል። ሳይኪክ ከመረጠ ብናኟን ሳትረጭ ታልቃለች። የዱር ፍጡር ምን እንደሚመርጥ ደግሞ አታውቅም።

የአክስቴ ልጅ ትከሻዬን ያዘኝ። «አሁን ወርውራት አቦ! ምን ትጠብቃለህ?»

ቦርሳውን ከፈትኩ። ጠቋሚዋ ማስተር ቦል ላይ ቆመች። ከሥሯ 1 የሚል ቁጥር አለ። አውራ ጣቴ ኤ ቁልፍ ላይ ነው። ብጫነው በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር ያልቃል፤ ሚውቱ የኔ ይሆናል። ያን ዓይነት ዝምታ ግቢያችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ከኋላዬ ያሉት ልጆች ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይመጣል።

ቦርሳውን ዘጋሁት። ፓራሴክትን ስፖር አልኳት።

ሚውቱ ባሪየር ሠራ። ዙሪያውን አጥር አጠረ። መከላከያው ነው፤ ከምት ያድነዋል፣ ከብናኝ ግን አያድነውም። ፓራሴክት ተራዋ ደረሰ። ብናኙ ወረደ። ሚውቱ ተኛ።

ከዚያ በኋላ አልትራ ቦል ነው፤ ጠንካራ ኳስ ናት፣ ግን ትስታለች። አንዷ ገባች፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ተከፈተች። ሌላ። ተከፈተች። ኳሷ ስትንቀጠቀጥ የታች ቁልፍንና የቢ ቁልፍን አንድ ላይ ጭምቅ አድርገን እንይዛለን፤ እንደዚያ ካደረግን የማይከፈት ይመስለናል። ማን እንዳስተማረን አላውቅም። ኋላ ሳነብ የሌላ ዓለም ልጆችም፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ ይህንኑ ያደርጉ እንደነበር አየሁ። ጨዋታው ውስጥ አንዳች ለውጥ የለውም፤ እኛ ግን ጣታችን እስኪነጣ እንጫን ነበር። አንዷ ኳስ ተንቀጠቀጠች። ደገመች። ሠለሰች። ቆመች።

ግቢው በጩኸት ተናጋ። ከሰዓት እንቅልፏን የተኛችው እናቴ «ምን ሆናችሁ? ማን ተመታ?» እያለች ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። የአክስቴ ልጅ ጌም ቦይዋን ከእጄ ነጥቆ ቶሎ ሴቭ አደረገልኝ። እኔ መብራቷን ረስቻት ነበር።

## ቁጥሩ የሚለው

የጨዋታውን ኮድ የፈቱ ሰዎች የጻፉትን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ፍጡር የመያዝ ቁጥር አለው። በየሜዳው የምትገኘው አይጧ ራታታ 255 ናት፤ በቀላሉ ትያዛለች። ሚውቱ 3 ነው። ነቅቶ ሳለ፣ የጤና መስመሩ ሊያልቅ ደርሶ እንኳን፣ አንድ አልትራ ቦል የምትይዘው ዕድል ከመቶ ሦስት አይሞላም። ከተኛ ግን ከስድስት አንድ ገደማ ይሆናል። በዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ ሚውቱ ላይ እንቅልፍ የጤና መስመሩን ከማውረድ በብዙ ይበልጣል። ጠንካሮቹ ሁሉ ተሰብስበው ያላመጡትን ያመጣችው ያቺ ባለ እንጉዳይ ናት። ይህን ሳውቅ ለፓራሴክት የተሰማኝ አክብሮት ቀላል አይደለም።

ግን የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ስለ ፓራሴክት አልነበረም። ኳሷ ምን ሠራች ነው ያለው።

አውጥቼ አውርጄ የደረስኩበት ይህ ነው። ያን ቀን ቦርሳውን መዝጋት የቻልኩት ኳሷ ውስጡ ስለነበረች ነው። ባትኖር ኖሮ ፓራሴክትን ለዕድል አሳልፌ አልሰጥም ነበር። መስመሩ ትንሽ እንደወረደ፣ እንቅልፍ ሳልጠብቅ፣ ያለኝን አልትራ ቦል ሁሉ በላይ በላዩ እወረውር ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይሄ ነው። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ሁሉም ነገር ቢበላሽ አንድ የማትስት ነገር ነበረችኝ። ሳልወረውራት፣ የወረወርኳቸውን ሌሎች ኳሶች ሁሉ እጄን ይዛ ያስወረወረችኝ እሷ ናት።

ሴቭ አድርገህ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አድርጌያለሁ። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይማ በየሰከንዱ ሴቭ ማድረግ ይቻላል፤ ኳሷ ስትከፈት አንድ እርምጃ ተመልሶ እንደገና ይወረውራል። እሱን አልነቅፈውም፤ በልጅነቴ ብችል እኔም አደርገው ነበር ይሆናል። ግን ሴቭ ወደ ኋላ ይመልስሃል እንጂ ፊትህ ያለውን አይይዝልህም። ጌም ቦይ ላይ ደግሞ አጥፍተህ ስትከፍት ውጊያውን በሙሉ እንደ አዲስ ትጀምራለህ፤ ባለቀ ድንጋይ።

## የእናቴ አምባር

ይህን ሳስብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ የባቡር ነጋዴ ነበረች። ልብስና ሽቶ እያመጣች ታይዋን ገበያ ለሚሸጡት ታስረክባለች። ከአያቴ የወረሰችው አንድ የወርቅ አምባር ነበራት። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሠርግ ላይ እንኳን አድርጋው አላየሁም።

ዕቃ ኬላ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ያኔ ቤታችን ውስጥ እራት ዝም ተብሎ ይበላል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ግን እናቴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ትወጣና በዱቤ ሌላ ዕቃ ትይዛለች። አብረዋት የጀመሩ ሴቶች አንድ ጭነት ሲቀርባቸው ሥራውን ተዉት። እሷ አልተወችም። አንዴ አክስቴ «አንቺ አትፈሪም እንዴ?» ስትላት ሰምቻለሁ። «አምባሩ አለ አይደል» አለቻት። አምባሩ ግን አልተሸጠም። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠው ወርቅ የሠራው በደህናው ቀን ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ለእህቴ ልጅ ጥሩ መልስ ይሆናል። ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም እናቴ አምባሩን አወጣችው። ማንንም ሳታማክር ሸጠችውና ቀፊራ ትንሽ ሱቅ ተከራየች። ያን ሁሉ ዕቃ ስታጣ ያልነካችውን ወርቅ፣ መንገዱ ራሱ ሲዘጋ በአንድ ጠዋት ለቀቀችው። ዛሬም ከዚያ ሱቅ ነው የምትበላው። እሷ አስቀመጠችም፣ ወረወረችም። እኔ ያደረግኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

## የአክስቴ ልጅ አልተሸነፈም

ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። ጅቡቲ ነው ያለው። እስክጨርስ ሰምቶ «ሚውቱን ስትይዘው ማን ቀርቶህ ነበር?» አለኝ። «ኤሊት ፎርን አሸንፈሃል፣ ሻምፒዮን ሆነሃል። የዓለምን ኃይለኛ ይዘህ ማንን ልትዋጋበት ነው? እኔ ዛፕዶስን የያዝኩት ሲያስፈልገኝ ነው። ከአራቱ የአንዷን፣ የሎሬሌይን፣ የውኃ ፍጡራን በመብረቅ ነው የጨረስኳቸው።»

እውነቱን ነው። ኃይሉ የመጣልኝ ጠላት ካለቀ በኋላ ነው። ሚውቱን ይዤ ዋሻው ውስጥ ያሉትን ከመደቆስ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ግን እሱም የሚውቱን ዋሻ አይቶት ነበር። ገብቶ፣ ተመትቶ ወጣና ሁለተኛ አልተመለሰም። «ኳሷ ከሌለች ማን ይለፋል» ብሎኝ ነበር ያኔ። ይህን አስታወስኩት። «አዎ፣ ምን አጣሁ?» አለኝ። በእውነትም ያጣ አይመስለውም።

ሕይወቱም እንደዚያ ነው። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሚኒባስ ገዛ፤ ከሱ ባገኘው ሌላ ደገመ። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው የለም፤ ተሳክቶለታል። እኔ ከደመወዝ ሥራ ወጥቼ የስልክ ጥገና ሱቅ ስከፍት ግን የጥቂት ወር ኪራይ ባንክ አስቀምጬ ነው። ያ ብር እስካሁን አልተነካም። ደንበኛ ዝር በማይልባቸው ሳምንታት በሬን ከፍቼ እንድቀመጥ ያደረገኝ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ለእህቴ ልጅ ደውዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ኳሷን እስካሁን ወርውሯት ይሆናል።

አሁን ከሱቄ ጎን ያለው ክፍል ለቋል። ሁለቱን አንድ ላይ ብይዝ ዕቃም መሸጥ እችላለሁ። ቅድሚያ የሚጠየቀው ባንክ ካለው ብር ጋር ይቀራረባል። የአክስቴ ልጅ ሲሰማ አላስጨረሰኝም። «ያዘው አቦ! ለማን ልታስቀምጠው ነው?» አለ፤ በዚያው የልጅነት ድምፁ። የእኔ ባቡር ቆሟል ወይስ ገና እየሄደ ነው? ይህን ነው መለየት ያቃተኝ። የክፍሉ ባለቤት መልስ የሚፈልገው ወሩ ሳያልቅ ነው። እሑድ እናቴ ጋ ምሳ አለኝ፤ አምባሩን ያወጣች ጠዋት ምን እንዳየች እጠይቃታለሁ።